ያጣላው ከበሮ አይደለም

በሥራ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ናይሮቢ መሀል ከተማ ወዳለው ጂቫንጂ መናፈሻ ጎራ ያለ ሰው ሁለት ጉባኤ ጎን ለጎን ያገኛል። በአንደኛው ዛፍ ሥር ሰባኪው ድምፅ ማጉያውን አንግቶ በስዋሂሊ ይጮኻል። ከጎኑ የቆመው አስተርጓሚ ንግግሩ ሳያልቅ ከአፉ ቀምቶ በእንግሊዝኛ ይደግመዋል፤ ሰባኪው ሲዘል ይዘላል፣ ሲያጎነብስ ያጎነብሳል። ጥቂት አለፍ ብሎ «ቡንጌ ላ ምዋናንቺ»፣ የሕዝብ ፓርላማ፣ የሚባሉት ተከራካሪዎች ተሰብስበው የኑሮ ውድነትንና የሚኒስትሮችን ጉድ ያነሣሉ። ቦታውን በ1906 ለከተማው ሕዝብ የሰጠው ኤ. ኤም. ጂቫንጂ የተባለ ከሕንድ የመጣ ነጋዴ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ ጉባኤዎች አይጣሉም። አድማጩ ከአንዱ ተነሥቶ ወደ ሌላው ያልፋል፤ «ሃሌ ሉያ» ያለበት አፉ ሳይደርቅ ስለ ግብር ይከራከራል። እኛ ዘንድ ስለ ወንጌልና ስለ ባህል ሲነሣ ወሬው ቶሎ ከበሮ፣ እስክስታና ጠላ ላይ ይወድቃል፤ ምን ይገባል፣ ምን አይገባም በሚል ያልቃል። የናይሮቢ መጋቢዎችና ቄሶች ታሪክ ግን ከዚያ ጠለቅ ይላል። እዚያ ሰው ያጣላው፣ ማኅበር የከፈለው፣ አንዳንዴም ያስገደለው ከበሮ አይደለም። ጠቡ ከፋዩ ማን ነው፣ ቀባሪው ማን ነው፣ ልጅን ለአቅመ አዳም የሚያደርሰው ማን ነው በሚሉት ላይ ነበር።

ይህን ደፍረው ከተናገሩት አንዱ ቄስ ጆን ጋቱ ናቸው። በ1925 ተወልደው በ2017 ያረፉ የኪኩዩ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለእንግሊዝ ሠራዊት ዘመቱ፤ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የተነሣውን የማው ማው ዐመፅ መሐላ ፈጸሙ፤ ኋላም ከሩዋንዳ ተነሥቶ ምሥራቅ አፍሪካን ያጥለቀለቀው የመነቃቃት እንቅስቃሴ አገኛቸውና ዕድሜያቸውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጡ። የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የመጀመሪያው አፍሪካዊ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በኤዲንብራም በፕሪንስተንም ተምረዋል፤ ስለዚህ የኋላ ተቃውሟቸው ነጩን ካለማወቅ የመጣ ነው ሊባል አይችልም።

በ1971 አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ፣ በአንድ የሚሲዮን በዓል ላይ እንዲናገሩ ተጋበዙ። ጋባዦቹ የለመዱት ዓይነት ንግግር ሳይጠብቁ አልቀሩም፤ የምስጋና፣ የውለታ፣ የ«ተጨማሪ ላኩልን»። ጋቱ ግን ሚሲዮናውያን ወደ አገራቸው ይመለሱ፣ ገንዘቡም ይቁም፣ ቢያንስ ለአምስት ዓመት አሉ። የአፍሪካ ቤተ ክርስቲያን በራሷ እግር መቆም የምትችለው የሚደግፋት እጅ ሲነሣ ብቻ ነው የሚል ነበር ሐሳባቸው። ከዚያ በኋላ «ሞራቶሪየም» የሚል ስም የወጣለት ይህ ጥሪ ዓለምን አነጋገረ። ዋና ጽሕፈት ቤቱ ናይሮቢ ያለው የመላው አፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤም በ1974 ሉሳካ ላይ ተቀበለው። ተቃዋሚዎቹ የውጭ ሰዎች ብቻ አልነበሩም፤ ኬንያውያን መሪዎችም ነበሩባቸው፤ ሚሲዮን ሆስፒታል የሚያስተዳድር ሰው የነርሶቹን ደመወዝ ሳያስብ እንዲህ ያለ ንግግር መስማት አይችልም።

ለእኔ የጋቱ ትልቅነት ነገሩን ከሥሩ መያዛቸው ነው። መዝሙሩን በኪኩዩ ዜማ ማድረግ፣ ልብሱን በዶቃ ማስጌጥ ማንንም አያስከፋም፤ እንዲያውም ለጎብኚ ፎቶ ያምራል። የደመወዝ መዝገቡ ውጭ አገር እስካለ ድረስ ግን ስለ ባህል የሚወስነው መዝገቡን የያዘው ነው። ጋቱ ከጊዜ በኋላ ትዝታቸውን የጻፉበት መጽሐፍ ርእስ በደስታ ክርስቲያን፣ በእውነት አፍሪካዊ መሆንን የሚል ነው። ቤተ ክርስቲያናቸውም «ጂቴጌሜያ» የሚለውን ቃል፣ ራስህን ቻል ማለት ነው፣ መፈክሯ አድርጋዋለች።

ጋቱ ይህን ቁጣ ከየት አመጡት? ከናይሮቢ በስተ ምዕራብ፣ ቶጎቶ፣ ስኮትላንዳውያን ከ1898 ጀምሮ የሰፈሩበት ኮረብታ አለ፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሆስፒታሉና ቤተ ክርስቲያኑ ዛሬም እዚያው ናቸው። በ1929 የሚሲዮኑ መሪ ዶክተር ጆን አርተር መምህራንና ምእመናን የሴት ልጅ ግርዛትን በመቃወም እንዲፈርሙ፣ ያለዚያም ቦታቸውን እንዲለቁ አደረጉ። ፊደል የማያውቀው በአውራ ጣቱ ማተም ነበረበት፤ ኪኩዩዎች ዘመኑን እስከ ዛሬ «ኪሮሬ»፣ የጣት አሻራ፣ ብለው ያስታውሱታል። ከምእመኑ አብዛኛው ወጣ። ልጆች ከትምህርት ቤት ተባረሩ። ሚሲዮናውያኑን የሚዘልፈው «ሙቲሪጉ» የተባለ ዘፈንና ጭፈራ ከመንደር መንደር ሲዛመት መንግሥት በ1930 በአዋጅ ከለከለው።

ስለ ምላጩ ሚሲዮናውያኑ ልክ ነበሩ፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። የተሳሳቱት ሌላ ቦታ ላይ ነው፦ ወላጅ ልጁን ለማስተማር ሲል ብቻ እንዲያትም አደረጉት። ምን እንደሚከተል በሜሩ አውራጃ ታየ። በ1956 የሜሩ የሽማግሌዎች ጉባኤ በቅኝ ገዥዎቹ ግፊት ግርዛትን ሲከለክል ልጃገረዶች ራሳቸውን በምላጭ መግረዝ ጀመሩ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰውም ለፍርድ ቀረበ። የኬንያ ፓርላማ የሴት ልጅ ግርዛትን ሙሉ በሙሉ በሕግ የከለከለው በ2011 ነው፤ ያን ጊዜ የጮኹት ኬንያውያን እናቶችና የሴት የፓርላማ አባላት ነበሩ። ሚሲዮኑ ካዘዘበት ዘመን እስከ ሕጉ ከሰማንያ ዓመት በላይ አልፏል።

በ1929 የወጡት ግን እምነታቸውን ጥለው አልወጡም። የራሳቸውን ትምህርት ቤቶች ሠሩ፤ ከዚያ ጥምቀት የሚሰጣቸው ካህን አጡ። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደስ የሚለው ክፍል ይኸ ነው። ከደቡብ አፍሪካ ዳንኤል ዊልያም አሌክሳንደር የተባሉ ሊቀ ጳጳስ አስመጡና በ1930ዎቹ ካህናት አስሾሙ። ከእነዚያ አንዱ አርተር ጋቱንጉ ጋቱና ነበሩ። ማኅበሩ ከእስክንድርያው የግሪክ ፓትርያርክ ጋር ተገናኝቶ በ1946 ተቀባይነት አገኘ፤ ኪኩዩዎች ኦርቶዶክስ ሆኑ። ማው ማው ሲነሣ እንግሊዞች ትምህርት ቤቶቻቸውንና ቤተ ክርስቲያኖቻቸውን ዘጉ፤ ጋቱናም ለዓመታት ታሠሩ። በ1971 የቆጵሮሱ ሊቀ ጳጳስና ፕሬዚዳንት ማካርዮስ ኬንያ መጥተው ብዙ ሕዝብ አጠመቁ፤ ናይሮቢ፣ ሪሩታ ላለው መንፈሳዊ ትምህርት ቤትም መሠረት ጣሉ። ዓመቱን ልብ ይሏል፤ ጋቱ ሚልዋኪ ላይ የተናገሩበት ያው ዓመት ነው። አንደኛው ወገን ሚሲዮኑ ውስጥ ቀርቶ በሩን ከውስጥ ገፋ፤ ሌላው ከአርባ ዓመት በፊት ወጥቶ የራሱን ቤት ሠርቷል።

ማው ማው ራሱ ጥያቄውን በደም አቀረበው። ታጋዮቹ ሕዝቡን በመሐላ ሲያስተሳስሩ ከመነቃቃቱ ወገን የሆኑት ክርስቲያኖች የክርስቶስን ደም ስለጠጣን ሌላ ደም አንጠጣም ብለው እምቢ አሉ፤ ብዙዎቹም ተገደሉ። ጠመንጃ ከእንግሊዝ መንግሥት እንዲይዙ ሲጠየቁም እንዲሁ እምቢ ያሉ ነበሩ። ለእነዚህ ሰዎች መታሰቢያ ሙራንጋ ከተማ በተሠራው የቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ውስጥ ሠዓሊው ኤሊሞ ንጃው በ1959 ግድም አምስት ትልልቅ የግድግዳ ሥዕሎች ሣለ፤ ልደት፣ ጥምቀት፣ የመጨረሻው ራት፣ ጌቴሴማኒና ስቅለት። ሕፃኑ የሚወለደው በኪኩዩ ጎጆ ነው፤ የሚሰቀለውም ጥቁር ሰው ነው። የራሱን ዓይን ባላቸው ቅዱሳን ሥዕል ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ያስደንቃል ሊል ይችላል። ልዩነቱ የእኛ ሠዓሊ ማንንም ፈቃድ አለመጠየቁ ነው። ንጃው በ1965 ናይሮቢ ውስጥ ከመሠረቱት አንዱ የሆነበት «ፓ ያ ፓ» የተባለው የጥበብ ማዕከልም እስከ ዛሬ ስሙ ይነሣል።

መሐላው ከነፃነት በኋላም ተመለሰ። በ1969 የሉኦ ተወላጁ ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መንገድ ላይ በጥይት ከተገደሉ በኋላ ሥልጣን ከኪኩዩ ቤት እንዳይወጣ የሚል ቃለ መሐላ ሰዎችን በጭነት መኪና እየሰበሰቡ ማስማል ተጀመረ። በዚህ ጊዜ የፕሬስቢቴሪያን መሪዎች ተቃወሙ፤ ጋቱም አብረው ነበሩ። አስተውሉ፤ የሚቃወሙት የገዛ ወገናቸውን፣ የገዛ ቋንቋቸውን ነው። ባህልን ከነጭ ለማስመለስ የተናገረ ሰው ባህልን ከፖለቲከኛም መጠበቅ እንዳለበት ያወቀው ከዚያ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም።

ከኢትዮጵያ ደግሞ የሚያሻግር ድልድይ አለ። ጋቱ በተናገሩ በዓመቱ፣ በ1972፣ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ የነበሩላት የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጻፈች። ፍሬ ነገሩ፦ ለልማት ስንጠይቅ ገንዘብ ትሰጡናላችሁ፣ ለወንጌል ስንጠይቅ ትከለክሉናላችሁ፤ ሰውን ለሁለት የሰነጠቃችሁት እናንተ ናችሁ፣ እኛ ዘንድ ሥጋና ነፍስ እንዲህ አይከፈልም። ጋቱ ገንዘቡ ይቁም ሲሉ የጉዲና ቤት ገንዘቡ ሲመጣ መመሪያውን ማን እንደሚጽፈው ጠየቀ። መልሱን ለመወያየት የተጠራው ጉባኤ የተደረገው ናይሮቢ ነው፤ ጥቅምት 1974፣ አዲስ አበባ ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ከወረዱ አንድ ወር አልፎ። ጉዲና በሐምሌ 1979 በደርግ ሰዎች ታፍነው ተገደሉ። በዚያ ጉባኤ የተነሣውን ክርክር ዛሬ በሁለቱም ከተማ የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው፤ ለእኔ ግን ከብዙ ስብከት ይበልጥብኛል።

የቀብር ነገር ደግሞ አለ። ታኅሣሥ 20 ቀን 1986 ናይሮቢ ውስጥ ስመ ጥር የነበረው ጠበቃ ኤስ. ኤም. ኦቲዬኖ አረፈ። ሉኦ ነው፤ ሚስቱ ዋምቡይ ደግሞ ኪኩዩ፣ ቅኝ ገዥዎችን የተቃወመው የዋያኪ ዋ ሂንጋ የልጅ ልጅ ልጅ። ዋምቡይ ባሌን ከናይሮቢ ውጭ፣ ንጎንግ አጠገብ ባለው መሬታችን እቀብራለሁ አለች። ኡሚራ ካገር የተባለው ጎሣው ደግሞ ሉኦ በአባቶቹ ምድር ነው የሚያርፈው፣ ሲያያ፣ ኛልጉንጋ ይሂድ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ዋምቡይ ባሌ በሕግ ያገባኝ፣ ክርስቲያን፣ ዘመናዊ ሰው ነበር፤ በልማድ አይኖርም ነበር ብላ ተከራከረች። ሼክስፒር ይጠቅስ እንደነበር ሳይቀር ለችሎት ተነገረ። በጎሣው በኩል መቃብር ቆፋሪም፣ ኦዴራ ኦሩካ የተባሉት የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህርም መሰከሩ፤ ሰው ሳይቀበር መንፈሱ ስለሚያሳድደው ቤተሰብ በእንግሊዝ ሕግ ፊት ተነገረ። ጋዜጣው በሙሉ የእነሱ ሆነ። አስከሬኑ አምስት ወር ያህል ሬሳ ቤት ቆይቶ በግንቦት 1987 የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለጎሣው ወሰነ፤ ኦቲዬኖ ኛልጉንጋ ተቀበረ፤ ዋምቡይ አልሄደችም።

በዚያ ችሎት ውስጥ የተጠየቀው ኦቲዬኖ ያምን ነበር ወይ የሚል ብቻ አልነበረም። ጥያቄው ሬሳው የማን ነው ነበር፤ የሚስት ነው፣ የጎሣ ነው ወይስ የምእመኑ ማኅበር? ፍርድ ቤቱ ሉኦ ሆኖ የተወለደ የአኗኗር ዘይቤውን በመለወጥ ከልማዱ ሕግ አይወጣም አለ። አዲስ አበባ ላይ ይህን ዓይነት ክርክር የሚያስቀረው ዕድር ነው፤ ድንኳኑን የያዘ፣ ስም ዝርዝሩን የያዘ፣ አባሉ ከየት ወገን እንደሆነ ሳይጠይቅ የሚቀብር። ነገር ግን የእኛም ታሪክ ንጹሕ አይደለም። የወንጌል አማኞች በየገጠሩ ሬሳ ተሸክመው የመቃብር ቦታ ሲከለከሉ የቆዩ ናቸው፤ የመቃብር መሬት ጥያቄ እስከ ዛሬ በየከተማው ይነሣል። ናይሮቢ ጉዳዩን በችሎት ገልጣ አሳየችው እንጂ እኛ ዘንድ የሌለ አይደለም።

ሕያዋኑን በተመለከተ ከተማው የበለጠ ብልህ ሆኗል። ዛሬ አንድ የኪኩዩ ወጣት ሲያገባ መጀመሪያ «ሩራቾ» አለ፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ፍየልና ስለ ማር የሚደራደሩበት፣ ነገር ግን ክፍያው አብዛኛውን ጊዜ በስልክ በኤም ፔሳ የሚያልቅበት። ቀጥሎ «ንጉራርዮ» ይመጣል፤ ሙሽራው የፍየል ሥጋ ይቆርጣል፣ ጋብቻው በባህሉ ይጸናል። ቄሱ ቀድሞ ይህን ከሩቅ ይመለከተው ነበር፤ አሁን ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ይጸልያል። በ2014 የወጣው የጋብቻ ሕግም የባህል ጋብቻን ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር እኩል አስመዝግቦ፣ ጥሎሽ የሚጠየቅበት ከሆነም ለምልክት ያህል የተከፈለው ይበቃል ብሏል። የወንዶች ልጆች ግርዛትም እንዲሁ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ በሚሲዮን ሆስፒታል ይገረዛሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለሳምንት ያህል ሰብስባ ስለ ወንድነት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ሴት ልጅ ክብር ታስተምራቸዋለች፤ የሠፈር ሽማግሌ የነበረውን ቦታ የቤተ ክርስቲያን አባቶች ወስደውታል። በ1929 የተጣሉበት፣ ልጅን ለአቅመ አዳም የማድረስ ነገር በሌላ በር ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተቀምጧል።

ወንድነትን ያነሣሁት ቄስ ቲሞቲ ንጆያን ለማስታወስ ነው። እሳቸውም ፕሬስቢቴሪያን ናቸው። በ1990 አዲስ ዓመት ስብከታቸው የምሥራቅ አውሮፓን የአንድ ፓርቲ አገዛዞች መፍረስ አንሥተው ኬንያስ መቼ ነው ብለው ጠየቁ፤ ሚኒስትሮች ይታሠሩ ብለው ጮኹባቸው። ሐምሌ 7 ቀን 1997 ፖሊስ የኦል ሴንትስ ካቴድራልን ጥሶ ገብቶ ሲደበድብ ከተመቱት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ነገር ግን ከፖለቲካው ይልቅ ያስገረመኝ ሌላው ሥራቸው ነው፦ ወንዶችን ለወንዶችና ለሴቶች እኩልነት የሚያደራጅ ማኅበር መሠረቱ፤ ሚስቱን የሚመታ ወንድ በአባቶቼ ባህል አለኝ ሲል መልስ የሚሰጥ ማኅበር። የመንግሥትን ዱላ የቀመሰ ሰው ወደ ቤት ዱላ መዞሩ ለእኔ ቀጥተኛ መንገድ ነው።

ወደ ገንዘቡ ልመለስ። የጋቱ አምስት ዓመት በተግባር አልዋለም፤ የውጭው ገንዘብ በአንዳንዱ ቦታ ሲሳሳ ግን የአገር ውስጥ ገንዘብ ሌላ ባለቤት ይዞ መጣ። ሃራምቤ፣ አብሮ መጎተት፣ የኬንያ የነፃነት ቃል ነው፤ እሑድ ጠዋት ፖለቲከኛው ከፊት ወንበር ተቀምጦ ስሙ ተጠርቶ የሚያወጣው ጥሬ ገንዘብም ሃራምቤ ይባላል። ከዚያ ማይክራፎኑ ይሰጠዋል። በመስከረም 2021 የአንግሊካኑ ሊቀ ጳጳስ ጃክሰን ኦሌ ሳፒት፣ ሮዝ ኦኬኖ የቡቴሬ ጳጳስ ሆነው በተሾሙበት ዕለት፣ ፖለቲከኛ ከእንግዲህ ከመድረካችን አይናገርም አሉ። ወጣቱ የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን ተቃውሞ አደባባይ በወጣበትና ሰኔ 25 ቀን ፓርላማውን ሰብሮ በገባበት በ2024 ቁጣው ከመንግሥት አልፎ ገንዘቡን የሚቀበሉ አገልጋዮችን ነካ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በናይሮቢ የሶዌቶ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተገኝተው ለካህናቱ ቤት 2 ሚሊዮን ሽልንግ፣ ለመዘምራኑና ለሌላ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር 600 ሺህ ሰጡ፤ ሌላ 3 ሚሊዮንና አውቶቡስም ቃል ገቡ። በማግሥቱ ሊቀ ጳጳስ ፊሊፕ አንዮሎ ገንዘቡ ይመለስ አሉ። ሁሉም እንደዚህ አላሉም። በመጋቢት 2025 ሩቶ ሮይሳምቡ ላለ አንድ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን 20 ሚሊዮን ሽልንግ ሲሰጡ መጋቢው ተቀበሉ፤ በሳምንቱ ወጣቶች ወደዚያ ሊያመሩ ሲሉ ፖሊስ በአስለቃሽ ጭስ በተናቸው። በሐምሌ 2025 ደግሞ ፕሬዚዳንቱ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን እያስገነቡ መሆኑ ተሰማ፤ ወጪው ከግል ኪሴ ነው፣ ይቅርታም አልጠይቅበትም አሉ። ከየት ኪስ እንደሆነ፣ የመንግሥት መሬት ላይ የግል መቅደስ ይቻላል ወይ የሚለው ክርክር ቀጠለ፤ ከጂቫንጂ ዛፎች ሥርም፣ ከመድረኩም።